የእታለም ድምፅ

አስማማው አክስቴን በደላት። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ከዚህ ልጀምር፤ የእሱ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ ከጭብጨባው ይጀምራል፣ እኔ ደግሞ ማጨብጨብ ከሰለቸኝ ቆይቷል።

ልጅ ሳለሁ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ዛሬ ፋሲሎ በሚሉት በኩል፣ ከአክስቴ ከይመኙሻል ጋር ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «እታለም» ይላታል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ትሠራ ነበር። መኪኖቹ ሲንጫጩ አጠገብ ላለ ሰው እንኳ ካልጮኹ አይሰማምና፣ በዓመታት ጩኸት ጉሮሮዋ ሻክሮ ድምፅዋ መሬት ላይ እንደሚጎተት ጆንያ ሆኖ ነበር። ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበረ፣ ከመሸ ወዴትም ስለማይወጣ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ኩራዟን ለኩሳ፣ የባሕር ዛፉን ፍም እየቆሰቆሰች ታወጋናለች። የደወል ድምፅ ስለወደደው ጉማሬ፣ ከደሴቱ ቤተ ክርስቲያን ደወል በተደወለ ቁጥር ከውኃው ብቅ ብሎ ካህኑን «እባክህ አባ፣ አንዴ ድገምልኝ» ስለሚለው። በዚያ ሻካራ ድምፅዋ ጉማሬውን ስትሆን፣ ጢሱ ዓይናችንን እያቃጠለው እንኳ ከቦታችን ንቅንቅ አንልም ነበር።

አስማማው ከእኛ ጋር ይሰማ ነበር። የጓሮዋን ክፍል የተከራየ፣ የፋብሪካው ኪነት ቡድን ተዋናይ ነው። ጢም ያለው ሰውዬ ከልጆች መሀል ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ሲያያት እንሥቅበታለን። ቅዳሜ መድረክ ላይ ባላባት ሆኖ ሲወጣ ግን፣ የእታለምን የእጅ አጣጣልና የእታለምን የዓይን አጨፋፈን እዚያ እናገኘዋለን። ባላባትነቱ ስለሠመረለት ገበያ ላይ ዓሣ የሚሸጥለት ጠፋ። አንዷማ፣ «ጭሰኛህን እንዲያ ገርፈህ ደግሞ ልትበላ መጣህ?» ብላ ባዶ እጁን ሰደደችው። እታለም ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ሄደች። «እናንተ! ይኼ እኮ ማታ ማታ ሽሮ የማበላው ነው፤ ትኋን መግደል የሚፈራ ባላባት የት አይታችኋል?» ብላ አሥቃቸው፣ ዓሣውን ይዛለት መጣች።

በኋላ አዲስ አበባ ወሰዱት። በአንድ ፊልም ላይ ተጫወተ፣ አሁንም ክፉ ባላባት ሆኖ፤ ከዚያ በሌላ፣ እንደገና ክፉ። ለእረፍት ሲመጣ፣ «በሰው ቃል መናገር ሰለቸኝ፣ እታለም። የማውቀውን እኔ ራሴ ላሳይ» ይላታል። እሷም፣ «አሳይ፤ ማን ያዘህ?» ትለዋለች። የያዘውስ ብዙ ነበር፤ ያኔ እንኳን ፊልም ማዘጋጀት፣ ጎረቤት ሰብስቦ ማውራትም ያስጠይቅ ነበር።

በመጨረሻ ተፈቀደለትና፣ ካሜራ ከተሸከሙ ሰዎች ጋር አዘጋጅ ሆኖ መጣ። ታሪኩ ልጇን ወደ ጦር ሜዳ ስለምትሸኝ እናት ነው። እናቲቱን እታለም እንድትሆንለት ለመናት፤ እንቢ አለች። የእታለም አንድያ ልጇ፣ በላይ የሚባለው፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበረ፤ ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም። አስማማው ይህን ያውቃል።

«ፊልሙ በየጦር ሰፈሩ ይታያል» አላት። «በላይ ይሰማሻል።»

በዚህ ቃል እሺ ብላ ተነሣች።

ቀረጻው ጣና ዳር፣ ደንገሉ አጠገብ ነበር። ታንኳው ላይ ልጇን ሆኖ የተቀመጠው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ውኃ የሚፈራ ጎረምሳ ነው። አስማማው፣ «የተጻፈውን ተይው፤ የመጣልሽን በይ» አላት። እሷም ጎረምሳውን ሳይሆን ውኃውን እያየች፣ «በልዬ፣ እግርህን አታርጥብ፤ ያቺ ሳልህ ትነሣብሃለች» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረች። ካሜራውን የያዘው ሰውዬ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ቀን በኋላ እታለም ፊቷ በርቶ ሰነበተ፤ ከሥራ ስትመለስም፣ «እስካሁን ሰምቶኝ ይሆን?» ትለን ነበር።

ፊልሙ ባሕር ዳር ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። እታለም የታጠበ ነጠላዋን ለብሳ ከመሀላችን ተቀመጠች። ታንኳው ጋ ሲደርስ ፊቷ ግድግዳውን ሞልቶ አፏ ተከፈተ፤ የወጣው ግን የአንዲት ወጣት ሴት፣ እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ የጠራና የለሰለሰ ድምፅ ነበር። ስለ እናት አገርና ስለ ግዴታ ብዙ ተናገረ። አፏ ተዘግቶ እንኳ ድምፁ ገና አላለቀም ነበር። አዳራሹ ሣቀ። እታለም እጇን ጉሮሮዋ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች።

በር ላይ አስማማው ጠበቃት። «ምን ላድርግ፣ እታለም፤ ድምፅሽ ለፊልም ይሻክራል አሉኝ። ቃሉም አልተወደደም። ፊትሽን ግን ያላደነቀ የለም!» አላት። ነጠላዋን ተከናንባ አልፋው ሄደች።

ክረምት አልፎ፣ አንድ እግሩን ያጣ ወታደር የበላይን መርዶ ይዞ መጣ። ለቅሶው በረድ ካለ በኋላ ከፍሙ አጠገብ ተቀምጦ አጫወታት። ፊልሙ ጦር ሰፈራቸው ድረስ መጥቶ በነጭ አንሶላ ላይ ታይቶ ነበር። በላይ ብድግ ብሎ፣ «እናቴ ናት! እናቴ!» ሲል ጓደኞቹ፣ «እናትህ ዜና አንባቢ ናት እንዴ?» ብለው አፌዙበት።

«እሱስ ምን አለ?» አለች እታለም።

«"እናቴ እንዲህ አይደለም የምታወራው" አለና ቁጭ አለ።»

ከዚያ ወዲያ ተረት አልነገረችም። ልጆች እየመጡ ሲለምኗት «አልቆብኛል» ትላለች፤ ፍሙ አለ፣ ኩራዙም አለ፣ እኛ እጃችንን አሙቀን ወደ መኝታችን እንሄዳለን። እኔን አንባቢ ያደረገኝ ትምህርት ቤት አይደለም፣ ያ ዝምታ ነው፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር አነብብ ጀመር። እስከ ዛሬ ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ። ያን ጉማሬ የትም አላገኘሁትም። ለልጆቼ ልነግራቸው ሞክሬ ነበር፤ እኔ ስናገረው ዝም ብሎ ወፍራም እንስሳ ይሆናል፣ ልጆቹም ያዛጋሉ። ስለዚህ ተውሁት።

ደርግ ሊወድቅ ገደማ አስማማው ተመለሰ። ፊልም የሚሰጠው ጠፍቶ፣ ጢሙ ሸብቶ፣ የቴፕ መቅረጫ አንጠልጥሎ ነበር። ድሮ «አንቺ» ሲላት የኖረው ሰው አሁን «እርስዎ» ይላት ጀመር። «እታለም፣ ተረቶችዎን ልቅዳ። ጊዜው ተለውጧል፤ አሁን የሚፈለገው ያልተነካ ድምፅ ነው፣ የእርስዎ ዓይነቱ» አላት። እኔ ያኔ ስድብ አያንሰኝም ነበርና ለዓመታት ያጠራቀምሁትን ላወርደው አፌን ስከፍት፣ እታለም በእጇ ዝም አሰኘችኝ። ቀና ብላ ደኅና አድርጋ አየችው።

«አንተ የወሰድኸው ፊቴን ነው፣ አስማማው፤ ይኸውልህ፣ ከፈለግህ ድገመውና ሂድ። ድምፄ የልጄ ነበር።»