ፈረንጁ የቀመሰው ሰማያዊ መድኃኒት

ንጋት፣ ከየካ

ጎሕ ሲቀድ ታናሽ ወንድሜን ተሰማን በበቅሎ አስቀምጬ ተነሣሁ። አዋሽ ወርዶ ንዳድ ይዞት ከተመለሰ ወዲህ ቀን እየዘለለ ያንቀጠቅጠዋል። እናታችን በዚሁ በሽታ አንድ ልጇን ቀብራለች፤ ስትሸኘን «ይኼንንስ አደራ» ብቻ አለችኝ። እንጦጦ ላይ የንዳድ መድኃኒት የሚሞክር ፈረንጅ አለ ይባላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ እኔ አላመንኩም።

ሦስት ሰዓት፣ አቀበቱ ላይ

ጭቃ፣ ድንጋይ፣ የተጋደመ የጥድ ግንድ። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት ስለ ፈረንጁ ብጠይቃት «ደም ይወስዳል» ብላኝ አለፈች። በቅሎዋን ላዞር ስል ተሰማ «ጋሼ፣ ደሜስ ለእኔ ምን ሠራልኝ?» አለ። ሳቅሁ እንጂ ልቤ አላረፈም።

ስድስት ሰዓት፣ እንጦጦ

የሣር ጎጆ፣ ብልቃጥ በብልቃጥ ላይ፣ ጣቱ ሰማያዊ የሆነ ፈረንጅ። ከተሰማ ጣት ደም ወስዶ በትንንሽ መስተዋቶች ላይ አደረገና አጉልቶ በሚያሳየው የናስ መነጽሩ እንዳይ ጋበዘኝ። ደሙ ውስጥ ጥቃቅን ነገሮች ይርመሰመሳሉ። ቀይ ዱቄት ጨመረ፤ ይርመሰመሳሉ። ቢጫ ጨመረ፤ ያው ናቸው። ሰማያዊውን ሲጨምር ጸጥ አሉ።

«ከቅጠል ነው ከሥር?» አልኩት አስተርጓሚውን ገብሬን።

«ከሁለቱም አይደለም። በአገሩ ከከሰል ዝፍት የተሠራ ነው።»

ወንድሜን ዝፍት ሊያጠጣልኝ ነው። ፈረንጁ ሰማያዊውን ዱቄት በዋንጫ በጠበጠ፤ የቀረው ይኸው ብቻ ነው፣ ለአንድ ሰው ይበቃል አለ።

በእኛ ወግ አሳላፊው ሳይቀምስ የሚጠጣ የለም። «ይቅመሰዋ» አልኩ። በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰ።

«ይቺማ ለዝንብም አትበቃም። ግማሹን ይጠጣ፤ አለዚያ ወንድሜን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ጌታዬ፣ ለወንድምዎ ይጎድልበታል» አለ ገብሬ።

«ፈርቶ ነው» አልኩ።

ፈረንጁ ወንድሜን አየ፣ እኔን አየ፣ ግማሹን ጠጣ። የቀረውን ተሰማ ጨለጠው።

በማግስቱ፣ ቁልቁል

እዚያው አደርን። ጠዋት ፈረንጁ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ በደህና ወጥተው እጅ ነሡን። እውነተኛ ሰው ነበሩ፤ በራሴ አፈርኩ። ዕለቱ ተሰማ የሚንቀጠቀጥበት ቀን ነው። ቀትር አለፈ፣ ምንም የለም። ከተራራው ሥር ያለውን ወንዝ ስንሻገር ማንጎራጎር ጀመረ፤ እኔም ተቀበልኩት።

የካ፣ ደጃችን ላይ ከበቅሎዋ ሳወርደው ጥርሱ መንገጫገጭ ጀመረ። እናታችን ነጠላዋን ደርባለት ወደ እኔ ዞረች።

«መድኃኒቱን አልጠጣም እንዴ?»

«ጠጥቷል» አልኳት። ግማሹን ለማን እንዳጠጣሁ ግን አልነገርኳትም።