ኦቦ ማለት ሦስት ነው

ሰሎሜ ስዩም ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ እናቷ ፋናዬ ከምታስተዳድረው ሆቴል ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ስልክ ትጠግናለች። ፐርል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የተማረችው አንድ እንግዳ አልጋ ላይ ትቶት ከሄደው መጽሐፍ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ2014 ለጠፉ ከብቶች ፕሮግራም ጻፈች። ከብት ያገኘ ሰው ይነግራትና ትመዘግባለች፤ የጠፋበት ደግሞ የሰፈሩን ቁጥር በመልእክት ሲልክ፣ እዚያ የተገኙት ከነምልክታቸው ይደርሱታል። ኦዳ አንድ፣ ሄሉ ሁለት፣ ኦቦ ሦስት።

ቁጥሮቹ ኮዱ ውስጥ እየተምታቱ ሲያስቸግሯት፣ አንድ ሰኞ ለእያንዳንዳቸው የማይለወጥ ስም ሰጠች። ከእንግዲህ በ3 ፈንታ ኦቦ ብላ ትጽፋለች። ኮዱ አማረላት።

ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌው አሬሮ መጡ። ልትወልድ የደረሰች ግመላቸው ከጠፋች ሳምንቷ ነው።

«ልጄ፣ ሦስት ብዬ ስልክ ምንም የለም ይለኛል።»

«ፖሌ፣ አዝናለሁ ጋሼ፣ አልተገኘች ይሆናላ።»

በር ላይ ሌሶ የሚባለውን የሴቶች ጨርቅ የምትሸጠው ጎረቤቷ ካልቱማ ዞር አለች። «ጆሮዋ የተሰነጠቀ ግመል ኦቦ መገኘቷን ማክሰኞ አስመዝግቤሽ አልነበር?»

«የኔ ናት!» አሉ አሬሮ።

ሰሎሜ ደነገጠች። ፕሮግራሙ ከብቶቹን የመዘገበባቸውን መለያዎች፣ ቁልፎች የሚባሉትን፣ ሁሉ እንዲዘረዝርላት አዘዘችው። 3 የሚል ቁልፍ የለም። በፊደል የተጻፈ «ኦቦ» ግን አለ። ፐርል ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ ያገኘውን ስም፣ የቁጥር መጠሪያ መሆኑን ሳያይ፣ እንደ ተራ ቃል ወስዶታል። ግመሊቱን ያስቀመጣት በቃሉ ሥር ነው፤ የሚፈልጋት ግን በቁጥሩ።

«እሷ እዚሁ ተቀምጣለች እኮ!» ብላ ራሷን ይዛ ሳቀች።

ከስሙ ቀጥሎ ባዶ ቅንፍ ጨመረች፤ እንዲያ ሲሆን ፐርል ቃሉን ትቶ ቁጥሩን ይወስዳል። የሳምንቱንም መዝገብ እንደገና አስገባች።

«እስቲ አሁን ይላኩ፣ ጋሼ።»

ላኩ። ስልካቸው ጮኸ፤ ካልቱማ አነበበችላቸው። አሬሮ ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ቦዳቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ይዘው ወደ ኦቦ በረሩ።

ቀትር ላይ ደወሉ። «ወልዳለች! ግልገሏም ሴት ናት!»

ሰሎሜ ወደ ሆቴሉ ሮጣ ለእናቷ ነገረቻት። ፋናዬ ግመሏንም ሽማግሌውንም አታውቅም፤ ቢሆንም ምሳ ከሚበሉት ሹፌሮች መሀል ቆማ እልልታዋን አቀለጠችው።