የከድርን ድምፅ ይዤ ወደ ጎባ

ዓርብ ማለዳ ከአዲስ አበባ ስነሳ ሻንጣዬ ውስጥ በካልሲ የጠቀለልኩት ሃርድ ዲስክ ነበረ። ከሃያ ዓመት በፊት ጎባ አብሮኝ ያስተማረው ከድር፣ አላህ ይዘንለትና፣ ድምፁ የቀረው እዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ሲሞት ድክ ድክ ትል የነበረችው ልጁ ሐያት እሁድ ኒካዋ ነው። «ጋሼ፣ የአባቴ ድምፅ ምን ይመስል ነበር?» ብላ በስልክ ጠየቀችኝ። ዲስኩን ስሰካው ግን ኮምፒውተሬ «ፎርማት ይደረግ?» ይለኛል፤ ልደምስሰው ወይ ማለቱ ነው፣ በትህትና።

አውቶቡሱ ከአዳባ ዲንሾ እስኪወጣ ገብስ ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ጠላ ሆነ። ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘኖቹ ሽበቴን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ድሮ ያውቁኝ ነበር።

ሮቤ፣ ቅዳሜ ጠዋት

የድሮ ተማሪዬ ፋጡማ ኮምፒውተር ትጠግናለች።

«ቲቸር፣ አካም ጂርቱ? ጤናዎ? ቤተሰብ?»

«ሁሉም ደህና። ይሄን ክፈችልኝ።»

«ኧረ ሰላምታ ይቅደም! ለሱም ይደርሰዋል።»

ጥቁር መስኮት ከፍታ lsblk ብላ ጻፈች። ከማሽኑ ጋር የተያያዙት ዲስኮች ከነመጠናቸው ተደረደሩ። አንዱ የሷ ነው፤ ሌላው 465.8 ጊጋ ይላል።

«አምስት መቶ ብዬ ነው የገዛሁት! ሠላሳ አራቱን ማን በላው?»

«ማንም። ፋብሪካው በሺህ፣ ኮምፒውተሩ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው። የርስዎ ይሄ ነው ማለት ነው።»

በሌላ ትእዛዝ ጤናውን ጠየቀችው። ፊቷ ጠቆረ።

«በሕይወት አለ፣ ግን ታሟል። የማይነበብ ቦታ እየበዛበት ነው። መጀመሪያ ሙሉውን እቀዳለሁ፤ እስከዚያ ምንም አንከፍትም።»

«አንዴ ብቻ ልስማው?»

«ቲቸር! ፈተና ላይ 'አንድ ጥያቄ ብቻ ልይ' ስንልዎ ምን ይሉን ነበር?»

ወጣሁ። እስኪቀዳ በሲናና መንገድ ስንዴውን እያየሁ ተንቆራጠጥኩ። ከድር እዚህ መንገድ ላይ ሲያወራ ከነፋሱ በላይ ይሰማ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋጡማ ደወለች፦ ከቅጂው ግማሹ ፋይል አልወጣም፤ የከድር ቪዲዮ ወጥቷል።

ጎባ፣ አመሻሽ

ላፕቶፑ ሐያት ጉልበት ላይ ነው። ከድር ሕፃኗን ታቅፎ፣ ወደምቀርጸው ወደ እኔ እየጠቆመ፣ በሙሉ ጉሮሮው፦ «ዘይነብ! ልጅሽን ተቀበይኝ፣ ይሄ ሰውዬ ጭኮውን ሊጨርስብኝ ነው!»

«አቤት!» አለች የሐያት እናት ዘይነብ ከጓዳ።

ሁላችንም ደነገጥን። ዘይነብ እጇ ዱቄት እንደሆነ በሩ ላይ ብቅ አለች። «አቤት» ማለቷን ራሷም የሰማችው አሁን ገና ነው።

«እማዬ፣» አለች ሐያት፣ «ድምፁ ወፍራም ነው ለካ።»

ሰኞ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለ ስሟን ጠራሁ።

«አቤት? ምን ፈለግህ?»

«ምንም» አልኳት። ያን ያህል መንገድ ሄጄ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ መልስ የሚሰጥ ሰው እያለ መጥራት።