አባቱ የበዛ ዜማ

አሌክሳንድሪያ ውስጥ አስተናጋጅ ሆኜ በምሠራበት የአይሪሾች መጠጥ ቤት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ አራት ሽማግሌዎች ቫዮሊንና ዋሽንታቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንዲት የጭፈራ ዜማ አምስት ደቂቃ ይጫወቱና የየት አገር እንደሆነች ሲከራከሩ ይውላሉ። አንዱ የምዕራብ አየርላንድ ናት ይላል። ሌላው ከስኮትላንድ የተሰረቀች ናት ባይ ነው። ሦስተኛው አንድ ዓይነ ስውር ቫዮሊን ተጫዋች በህልሙ እንዳገኛት ይምላል። ማስረጃ የያዘ የለም፤ ቢራ ግን ሁሉም ይዟል።

ዜማዋ ራሷ ለክርክሩ ደንታ የላትም። እንደ ችክችካችን ትጋልባለች፤ አለቀች ሲሏት ከመጀመሪያው ትነሳለች። አንድ እሁድ ትሪ ተሸክሜ ሳልፍ ትከሻዬ ሳያስፈቅደኝ እስክስታ ወረደ። ከሽማግሌዎቹ ቫዮሊን የያዘው አይቶኝ "ታውቃታለህ እንዴ?" አለኝ።

ክርክሩ ስለሰለቸኝ "የጎጃም ናት" አልኩት። ሰውዬው አልሳቀም፤ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። በሳምንቱ ለእንግዶቹ "ይህች ዜማ ከኢትዮጵያ፣ ከጎጃም የመጣች ናት" ብሎ አስተዋወቃት። እኔም ትሪዬን እንደያዝኩ የሙዚቃ ታሪክ ሊቅ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉትን አጎቴን ላስቃቸው ብዬ ዜማዋን በስልኬ ሪከርድ አድርጌ ወሰድኩላቸው፤ ታሪኩንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና ፊታቸውን ቋጠሩ።

"አታፍርም? ፈረንጅ አመነኝ ብለህ ትዋሻለህ?" አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ።

"ጎጃምን ከዚህ ምን አገናኘው? ይሄ ጥርት ያለ ወሎ ነው።"