ዱቄት ወተትና የልጅቷ ሴሎች

አክስቴ ሃያ ሁለት ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርታለች። ሥራዋ ሴል ማሳደግ ነው። ለጠየቃት ሁሉ «ዓይን የማያየው ከብት አረባለሁ» ትላለች፤ ሰው ሲስቅ እሷ አትስቅም።

አንድ ሰሞን ከቃጠሎ ክፍል የአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ቁራጭ ቆዳ ተላከላት። የልጅቷ ጉልበት ተቃጥሎ አልድን ብሏል። ሐኪሞቹ የእድገት ፕሮቲን ያለበት ቅባት አላቸው፤ ጥያቄው የልጅቷ ሴሎች ይሰሙታል ወይ ነው። ካልሰሙ ረቡዕ ጠዋት ከጭኗ ቆዳ ተገፎ ጉልበቷ ላይ ይሰፋል።

አክስቴ ነገሩን እንዲህ አስረዳችኝ። የእድገት ፕሮቲኑ ሴሉ ውስጥ አይገባም፤ ከውጭ ሆኖ የሴሉ ገጽ ላይ ያለውን ተቀባይ ይይዛል። ሁለት ተቀባዮች ይጣመሩና አንዱ ሌላው ላይ ፎስፌት የምትባል ትንሽ ነገር ይለጥፋል። ከዚያ ወዲያ ወሬ ነው። ፎስፌት የተለጠፈበት ፕሮቲን ይነቃና ለቀጣዩ ያቀብላል፣ ያም ለሌላው፤ «ተባዛ» የሚለው መልእክት የሴሉ አስኳል ድረስ ይዘልቃል።

«ደቂቃዎች ናቸው» አለችኝ። «የኛ ሰፈር ወሬኞች እንኳ እንዲህ አይፈጥኑም።»

እናም ለግማሾቹ ሴሎች ምልክቱን፣ ማለትም የእድገት ፕሮቲኑን፣ ሰጠች፤ ግማሾቹን ነፈገች። አምስት ደቂቃ ጠብቃ ወሬው ባለበት እንዲቆም በረዶ ላይ አኖረቻቸው። ፕሮቲናቸውን አውጥታ ስስ ወረቀት ላይ አሰፈረች፤ ባዶው ቦታ እንዳይጠቁር ወረቀቱን እንደ ልማዷ በዱቄት ወተት ዘፈዘፈችና ፎስፌት ያለበትን ብቻ ለይቶ የሚይዝ፣ የያዘበትም ቦታ ጠቁሮ የሚታይ አንቲቦዲ የተባለ ፕሮቲን ጨመረችበት።

ሰኞ ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ ወጣ።

«ምንም አይነበብም» አለ ውጤቱን የሚጠብቀው የቃጠሎ ክፍሉ ወጣት ዶክተር። «ልጅቷ ለቀዶ ጥገናው ትዘጋጅ።»

አክስቴ የወተቱን ቆርቆሮ አይታ ክው አለች። ወተት ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ፕሮቲን ሞልቶታል። አንቲቦዲው ያየው ልጅቷን ሳይሆን ላሟን ነበር። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም።

«ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ወተት ተጠቅሜያለሁ።»

«እትዬ፣ በዚህ ሥራ ወተት እንደማይሆን ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት።»

«ያስተማረ አይረሳም ያለህ ማነው? የቀረው ናሙና ለአንድ ጊዜ ይበቃል። እስከ ነገ ታገሠኝ።»

በወተቱ ፈንታ ፎስፌት የሌለበትን አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን ተጠቀመች። ማክሰኞ ከሰዓት ወረቀቱ ሲወጣ ምልክት በተነፈገው በኩል ባዶ ነበር። ምልክት ባገኘው በኩል አንዲት ጥቁር መስመር፣ ከጥፍር የምታንስ።

ዶክተሩ ለቀዶ ሐኪሙ ደወለ። ከዚያ ልጅቷ ወደተኛችበት ክፍል ደውሎ ስልኩን ለአክስቴ አቀበላት። «ለእናትየዋ እርስዎ ይንገሯት።»

አክስቴ ሴሎቹ መልስ እንደሰጡ፣ ቢላው ቀርቶ ቅባቱ እንደሚሞከር ነገረቻት።

«በባዶ ሆዷ ትደር ተብዬ ነበር» አለች እናትየዋ። «እንግዲያ ጠዋት ቁርስ ልስጣት?»

«ስጫት እንጂ፣ እህቴ» አለች አክስቴ። «ጠግባ ትብላ።»

ስልኩን መለሰችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።