የፈድሊያ ልብ ከምን ታመመ?

ዘይቡን ያወቅኋት በቀበሌያችን በበቾ ቦሬ መሠረተ ትምህርት ሳስተምር ነው። ከሊሙ ገነት ለቲጃኒ ተድራ የመጣች ሙሽራ ነበረች፤ ፊደል ስትሳሳት ከሁሉ ቀድማ የምትስቀው እሷ ናት። ቀን ቀን ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ከጥሩው ፍሬ ጥቁሩን ትለቅማለች። እጇ ስለሚፈጥን ጓደኞቿ «ዶሮዋ» ይሏታል።

የመጀመሪያ ልጇ ፈድሊያ ስትወለድ ሳቁ ቀረ። ሕፃኗ ጡት ትንሽ ሳብ ታደርግና ለቃ ታለከልካለች፤ ግንባሯ በላብ ይጠመቃል፤ ሥጋም አልይዝ አለች። ሰው ሁሉ የየራሱን ምክንያት አመጣ። አንዷ የማበጠሪያው አቧራ ነው አለች፤ ሌላዋ እርጉዝ ሳለች ደንግጣ ነው አለች። የባሏ እናት አዴ ባህሪያ ግን ቆረጡት፦ «ማህፀኗ ነው። ከሷ የሚወለድ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሆነው።» ለቲጃኒ ሁለተኛ ሚስት የሚጠይቁ ሽማግሌዎችንም ወደ ሰኮሩ ሊልኩ ተነሡ። ዘይቡን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

ሐኪም ቤት ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ዶክተሩ ኦሮምኛ አይችልም፤ እሷ ደግሞ ስትጨነቅ አማርኛው ይጠፋባታል። አዴ ባህሪያም «የልጅ ልጄ ናት» ብለው ከኋላችን ገቡ።

ዶክተሩ የሕፃኗን ደረት ቆይቶ አዳመጠ፤ ራጁንም አየ። «ከልቧ አጠገብ ስትወለድ መዘጋት የነበረበት የደም መተላለፊያ አልተዘጋም» ካለ በኋላ ጥያቄ ጀመረ። እርጉዝ ሳለች ስኳር ነበረባት? መድኃኒት ወስዳለች? መጠጥስ? በዘራቸው እንዲህ ሆኖ የተወለደ አለ?

«ከባሏስ ጋር ዝምድና አላቸው?»

ይህንን ስተረጉም አዴ ባህሪያ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ያ ረቢ! እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች! ጓድ መምህርት፣ እሱ ነው የጠየቀው ወይስ አንቺ?»

«እሱ ነው አዴ። ሁሉንም ሰው ነው የሚጠይቀው።»

«እንግዲያው ያመጣንን የጋሪ ፈረስ ዘርም ይጠይቃ!»

ዶክተሩ ፈገግ ብሎ ቀጠለ። «በእርግዝናዋ የመጀመሪያዎቹ ወራት ትኩሳትና ሽፍታ ነበረባት?»

ዘይቡ አሰበች። «ሽፍታማ ነበር። ወዲያው ስለጠፋ ሙቀት ነው አልን።»

«ያኔ የታመመ ሰው አጠገብ ነበረች?»

«የመሪማን ኩፍኝ ሳስታምም ነበር።»

መሪማ የቲጃኒ እህት ልጅ ናት። በእኛ ሰፈር ኩፍኝ ያለበት ቤት ገብቶ የሚያስታምመው፣ ኩፍኝ ወጥቶለት የዳነ ሰው ነው፤ ዳግመኛ አይዘውምና። ዘይቡም በልጅነቷ ወጥቶላታል። «ግቢ፣ አንቺን አይነካሽም» ብለው የላኳት አዴ ባህሪያ ነበሩ።

ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «ኩፍኝ የሚመስል ሌላ በሽታ አለ፤ ሩቤላ ይባላል። ልጆችን ብዙ አይጎዳም። እርጉዝ ሴት በመጀመሪያዎቹ ወራት ከያዛት ግን የፅንሱን ልብ ሊጎዳ ይችላል። የልጅነት ኩፍኟ ከዚህ አያድናትም።»

«ስለዚህ ከዚያ ነው?» አልኩት።

«ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ነኝ ግን አልልም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጭራሽ አይገኝም።»

«የሚቀጥለውስ ልጅ?»

«ከሩቤላ ከሆነ መልሶ የሚይዛት እምብዛም ነው። ይቺን ግን አዲስ አበባ እልካታለሁ። እንዲህ ያለው በቀዶ ሕክምና ሊዘጋ ይችላል።»

ለዘይቡ እንዴት አድርጌ ልተርጉምላት? «ሊሆን ይችላል» ስላት ፊቷ ጠቆረ፤ «ምክንያቱ አይገኝም» ስላት የባሰ ግራ ገባት። እኔም ብሆን ግራ ገብቶኛል። አዴ ባህሪያም ስተረጉም ሁሉንም ሰምተዋል። በጋሪው ወደ ቤት ተመለስን።

ቲጃኒ በር ላይ ጠበቀን። «ምን አሉ?»

አዴ ባህሪያ ቀደሙን። «ከማህፀኗ አይደለም አሉ።»

«ታዲያ ከምንድን ነው?»

«እሱን እነሱም አላወቁት። በል፣ ሰኮሩ የሚሄዱትን ሽማግሌዎች አስቀራቸው። አዲስ አበባ የምናሳክማት ልጅ አለችን።»

ዋሹ ልል አሰብኩ። ግን እኮ ዶክተሩም እርግጠኛ አይደለሁም ብሏል። እውነት ተናገሩ እንዳልል ደግሞ፣ የመሪማን ነገር ምነው ዘለሉት?

ጓዳ ስንገባ ዘይቡ ክንዴን ያዘች። «ንገሪኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው የሳቸው?»

«የማንም አይመስለኝም።»

«የማንም ካልሆነ ለምን ደበቁት?»

«ነይ፣ አዲስ አበባ ብርድ ነው» አልኳት፤ የፈድሊያን ልብስ አንድ በአንድ እያነሣን ወፍራም ወፍራሙን መምረጥ ጀመርን።