አማቴ፣ የባሕር ወፎችና የጎረቤታችን እርግቦች

አማቴ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ቀራንዮ፣ እኛ ቤት መጥተው መኖር ጀመሩ። በወጣትነታቸው ምጽዋ መርከበኛ እንደነበሩ አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን እኔም ልጃቸው ባለቤቴም የምናውቀው አልነበረም። ስለ ባሕር ሲጠየቁ «ሙቀት ነው» ይላሉ፤ ወሬው እዚያው ያልቃል።

ባለቤቴ ያኔ ታክሲ ነበረው። ከሰዓት በኋላ ብቻ ስለሚሠራ ሚኒባሱ ጠዋቱን ሙሉ ደጃችን ይቆማል። ከአጥራችን ወዲያ ብቻቸውን የሚኖሩት ጎረቤታችን ማለዳ ማለዳ ለእርግቦች ስንዴ ይበትናሉ። እርግቦቹ በልተው ሲጠግቡ እኛ ጋ መጥተው የሚኒባሱን ፖርቶመጋላ ይሞሉታል። ባለቤቴ ጣሪያውንና መስታወቱን ከኩስ ሲያጥብ ምሳው ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አልቆ፣

«እማማ፣ ስንዴውን ቢተዉትስ?» አላቸው።

«ደጄ የመጣን እንግዳ ጾሙን ልመልሰው?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ቀዘቀዘ።

አማቴ ይህን ሁሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ከረሙና አንድ እሑድ፣ «ልጄ፣ ሲባጎ ግዢልኝ» አሉኝ።

ገዛሁላቸው። በፖርቶመጋላው ማዕዘኖች ላይ አጫጭር ዱላ አሰሩና ሲባጎውን ከአንዱ ወደ ሌላው ወጠሩት። እኔ ጫፉን እይዛለሁ፣ እሳቸው ይቋጥራሉ። የሚንቀጠቀጡት ጣቶቻቸው ቋጠሮ ላይ ሲደርሱ ጸጥ ይሉ ነበር።

«ወደብ ላይ የታሰረ ጀልባ እንዲህ ነው የሚጠበቀው» አሉኝ። «የባሕር ወፍ ክንፉን ክር ከነካው አያርፍም። የእሱ ኩስ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ዓሣ ነዋ የሚበላው። ቀለም ይልጣል።»

አብረን መኖር ከጀመርን ወዲህ ይህን ያህል ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

እርግቦቹ ወደ ሌላ ጣሪያ ሄዱ። ክረምት ሲገባ ግን አንድ ጠዋት የክንፍ መንፈራገጥ ሰምቼ ስወጣ፣ አንዲት ግራጫ እርግብ እግሯ ሲባጎው ውስጥ ተጠላልፎ ተንጠልጥላለች። አማቴ ቀድመውኝ ደርሰው፣ በርጩማ ላይ ቆመው ጋቢያቸውን ጣል አድርገውባታል። መቀስ አመጣሁላቸውና ቆርጠው አወረዷት።

«ዝናቡ አላልቶታል» አሉ። «የተወጠረ ክር ያባርራል፤ የላላ ክር ወጥመድ ነው። እያወቅሁ ሳላጠብቀው ቀረሁ።»

ሳልጠይቃቸውም ቀጠሉ። «ምጽዋም እንዲሁ ሰንፌ ተውኩት። ስመለስ አንዲት ነጭ ወፍ ክሩ ላይ ሞታ አገኘኋት። አለቃዬ ሳያይ ባሕር ውስጥ ጣልኳት። ማንም አልጠየቀኝም።»

እርግቧን በጋቢያቸው እንዳቀፉ ወደ ጎረቤታችን በር ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«እህቴ፣ እንግዳዎን ጎድቼብዎታለሁ» አሏቸው።

ጎረቤታችን የእርግቧን እግር አገላብጠው አዩና፣ «ይድናል። ይግቡ እንጂ፣ ምን ያቆምዎታል?» አሉ። አማቴ የተመለሱት ለምሳ ነው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሲባጎውን በጣታቸው እየነካኩ ጥብቅ መሆኑን ያያሉ፤ ቀጥለው እዚያ ግቢ ይሻገራሉ። ስንዴውንም ከጎረቤታችን ጓሮ በኩል አብረው መበተን ጀመሩ። ባለቤቴና ጎረቤታችን ምንም ሳይነጋገሩ ታረቁ።

አማቴ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆናቸው። ታክሲው ተሸጧል። የሁለቱ አዛውንቶች ዝግ ያለ ወሬ ከአጥሩ ማዶ ይሰማኝ የነበረባቸው እነዚያ ጠዋቶች አሁን ድረስ ይናፍቁኛል። ለእኛ ያልነገሩንን ለጎረቤታችን ነግረዋቸው ኖሯል። አንዳንድ ቅዳሜ ከባለቤቴ ጋር እሳቸው ቤት እንሄድና አንድ አንድ ነገር ያወሩልናል።

ባለፈው፣ «አባትህ ዋና እንደማይችል ታውቅ ነበር?» አሉት።

«መርከበኛ ሆኖ?»

«መርከበኛ ሆኖ። ለማንም ሳይናገር ነው ያን ሁሉ ዓመት ባሕር ላይ የኖረው።»

ባለቤቴ ሳቀ። ቆየት ብሎ ፊቱን አባቱ ስንዴ ይበትኑበት ወደነበረው ጓሮ አዞረ።